ናካሙራ ከሴልቲክ በኋላ "ጠፋ" የምትሉ፣ እስቲ እንነጋገር

ባለ25፦
ሰላም ቤተሰብ። ነገሬ ስለ ሹንሱኬ ናካሙራ ነው፣ በስኮትላንዱ ክለብ ሴልቲክ ስለተጫወተው ጃፓናዊ አማካይ። ትናንት ስለ እስያ ተጫዋቾች ሲወራ አንዱ ልጅ "ናካሙራ ማንቼ ላይ ያቺን ቅጣት ምት አገባና ጠፋ" ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገው። እኔን ግን ከነከነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ፣ ስለዚህ ራሱን የቻለ ክር ልክፈትለት ብዬ ነው።

መጀመሪያ እኔ እንዴት እንዳወቅኩት ልንገራችሁ። ቀኑ ኅዳር 12 ነበር፣ 1999 ዓ.ም.፣ ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጥሎ ጭሱ እስከ ማታ አልለቀቀም። ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ እንኳ ጃኬታችን ጭስ ጭስ ይል ነበር። የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ነው፣ ሴልቲክ ከማንቼ፣ የጀመረውም ከምሽቱ 4:45 ነው። ከመቶው ሰው ዘጠናው የማንቼ ደጋፊ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። 81ኛው ደቂቃ ላይ ሴልቲክ ቅጣት ምት አገኘ፣ ከጎሉ 27 ሜትር ገደማ። ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ "ሩቅ ነው፣ ችግር የለውም" አለ። ናካሙራ ኳሷን አስቀመጠ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ መታ። ኳሷ ግድግዳውን አልፋ እንደገና ስትታጠፍ በዓይኔ ተከተልኳት። የማንቼው ግብ ጠባቂ ቫን ደር ሳር ያን ሁሉ ቁመቱን ዘርግቶም አልደረሰባትም። ላይኛው ጥግ ገባች። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ብቻዬን ብድግ ብዬ ጮህኩ። የማንም ደጋፊ አልነበርኩም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የዚያ ሰው ደጋፊ ነኝ።

አሁን ወደ ነገሬ። ናካሙራ ሴልቲክን የለቀቀው በ2009 ነው (ከዚህ በኋላ የምጽፈው ቀንም ዓመትም በፈረንጆቹ ነው)፣ ዕድሜው 31። ጫማውን የሰቀለው ግን በ2022፣ በ44 ዓመቱ። በመሃል 13 ዓመት አለ። 13 ዓመት የተጫወተ ሰው እንዴት ነው የጠፋው? እኛ ነን እንጂ ማየት ያቆምነው።

ማንቼ ለዘላለም፦
ያን አስተያየት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ፣ ለመናቅ ብዬ አይደለም። ያቺ ምሽት እስካሁን ታመኛለች። እኔም በዚያው ጭስ ውስጥ ነበርኩ፣ ሌላ ሰፈር። በመጨረሻ ደቂቃዎች ፍጹም ቅጣት ምት አግኝተን አጥቂያችን ሳሃ መታ፣ የሴልቲኩ ግብ ጠባቂ ቦሩክ ያዘበት። 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ ሴልቲክም በዚያው ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ። ከዚያ በፊት መስከረም ላይ ኦልድ ትራፎርድ ላይም በቅጣት ምት አግብቶብን ነበር፣ ያን ቀን 3 ለ 2 አሸነፍን እንጂ። ስለዚህ ችሎታውን አልክድም። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ስፔን ሄዶ ኤስፓኞል ውስጥ አንድም የሊግ ጎል ሳያገባ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወደ ጃፓን ተመለሰ። አውሮፓ ላይ ከወደቀ በኋላ ሀገሩ የተጫወተው እንደ ጡረታ ነው የሚቆጠረው። የሁሉም እንዲሁ ነው።

ባለ25፦
ኤስፓኞል አልተሳካለትም፣ እሱን አልከራከርህም። 13 የሊግ ጨዋታ ነው ያደረገው። "ጡረታ" ያልካት ቃል ላይ ግን አልስማማም። በ2013 የጃፓን ሊግ የዓመቱ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። በ35 ዓመቱ! በ33 ጨዋታ 10 ጎል፣ አማካይ ሆኖ። ያን ሽልማት በ2000ም ወስዶት ነበር። ሁለት ጊዜ የወሰደ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። በሁለቱ መካከል 13 ዓመት አለ። ጡረተኛ ይህን ያደርጋል?

የካልቾ ልጅ፦
እኔ ከመሃል ልግባ፣ ምክንያቱም ሁላችሁም ሬጂናን፣ የጣሊያኑን ክለብ፣ ዘላችኋታል።

ከሴልቲክ በፊት ሦስት ዓመት ጣሊያን ነበር። ሬጆ ካላብሪያ ማለት የጣሊያን ቡት ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ባሕሩን ተሻግረህ ሲሲሊ የምታይባት። ክለቡ በየዓመቱ ላለመውረድ ነው የሚታገለው። ናካሙራ የሄደው በ2002 ክረምት ነው፣ ዐሥር ቁጥር ሰጡት። በመጀመሪያው ዓመት 7 ጎል አገባ። ያም ሆኖ ሬጂና ከአታላንታ ጋር የመለያ ጨዋታ አድርጋ ነው በሴሪ ኣ፣ በጣሊያን አንደኛ ሊግ፣ የቆየችው። በሦስቱ ዓመት 81 የሊግ ጨዋታ፣ 11 ጎል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ያኔ የጣሊያን ተከላካዮች እነማን እንደነበሩ አስቡት! ኳስ ሳትነካ በፊት ጀርባህ ላይ ሰው ነበር። ቀጭን ልጅ ነው፣ ፍጥነት የለውም። እዚያ ነው ከመምታቱ በፊት ማሰብን የተማረው ብዬ አምናለሁ። ሴልቲክ የገዛው የበሰለውን ናካሙራ ነው።

እና ለምን በ2002 ሄደ? እሱን የሚያውቅ አለ?

ሜዳ ዳር፦
እኔ አውቃለሁ። እኔ የሕፃናት አሠልጣኝ ነኝ፣ ለልጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ላርዝም።

ናካሙራ የዮኮሃማ ልጅ ነው፣ እዚያው ነው በ1978 የተወለደው። በልጅነቱ ኒሳን የሚባለው ክለብ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ገባ፣ በኋላ ማሪኖስ የሆነው ማለት ነው። 15 ዓመት ገደማ ሲሞላው ወደ ቀጣዩ ቡድን የሚያልፉት ተለዩ። እሱ አላለፈም። አጭርና ቀጭን ነበር፣ ሰውነቱ ገና አልመጣም። በቃ ተባለ። ቶኮ ጋኩዌን የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ጃፓን ውስጥ የትምህርት ቤቶች ውድድር ቀልድ አይደለም፣ መላው ሀገር በቴሌቪዥን ነው የሚያየው። እዚያ አደገ፣ ቁመቱም መጣ፣ ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ። ፍጻሜውን ተሸነፉ። ግን በ1997 ያው ያሰናበተው ክለብ፣ ማሪኖስ፣ መልሶ ወሰደው። (ሌላው የጃፓን ኮከብ ኬይሱኬ ሆንዳም ጋምባ ኦሳካ የሚባል ክለብ ውስጥ እንዲሁ ነው የሆነው። እሱንም ታዳጊ እያለ አላሳለፉትም፣ በትምህርት ቤት በኩል ነው የመጣው።)

ይህን የምለው እኔም በልጅነቴ አንድ ክለብ ሙከራ ሄጄ አሠልጣኙ ኳስ እንኳ ሳያስነካኝ ቁመቴን አይቶ "አንተ ወጣ በል" ስላለኝ ነው። ዛሬ ትንሽ ልጅ ሲመጣብኝ በመጀመሪያ ኳስ ነው የምሰጠው።

አሁን ወደ 2002። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ የዓለም ዋንጫ አዘጋጁ። ናካሙራ 23 ዓመቱ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሊጉ ኮከብ ነበር። አሠልጣኙ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ትሩሲየ ነው። ስም ዝርዝሩ ወጣ፣ ናካሙራ የለም። ሀገር ጉድ አለ። እና ልብ በሉ፣ የዓለም ዋንጫው ፍጻሜ፣ ብራዚልና ጀርመን፣ የተካሄደው ዮኮሃማ ነው። የገዛ ከተማው፣ የገዛ ክለቡ የሚጫወትበት ስታዲየም! ዓለም በሙሉ ሰፈሩ መጥቶ እሱ ቤቱ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሻንጣውን ይዞ ወደ ጣሊያን የሄደው።

ፍቅር እስከ ግብ፦
ሜዳ ዳር፣ የልጅነትህን ስታወራ አንጀቴን በላኸው። እኔ የናካሙራን ጨዋታ ብዙ አላየሁም፣ ታላቅ ወንድሜ ነው የሚያወራልኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ለሀገሩስ ምን አደረገ? እኔ የማውቀው ሆንዳን ነው፣ በ2010።

ባለ25፦
እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው። 98 ጨዋታ፣ 24 ጎል። ሁለት የእስያ ዋንጫ፣ 2000 ሊባኖስ ላይና 2004 ቻይና ላይ። በ2004ቱ የውድድሩ ኮከብ ተባለ።

ያ ውድድር ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ካላያችሁት ፈልጋችሁ እዩት። ሩብ ፍጻሜ፣ ከዮርዳኖስ ጋር፣ ጨዋታው ወደ መለያ ምት ሄደ። መጀመሪያ የመታው ናካሙራ ነው። ሊመታ ሲል የቆመበት እግሩ አንሸራተተው፣ ሣሩ ከሥሩ ተነቀለ፣ ኳሱም ወደ ሰማይ ወጣ። ቀጥሎ የመታው አሌክስም እንዲሁ አንሸራትቶት ሳተ። አምበሉ ሚያሞቶ ወደ ዳኛው ሄደና "እዚህ ጋ መቆም አይቻልም፣ በሌላው ጎል እንምታ" ብሎ አስረዳ። ዳኛውም ተስማማ! መለያ ምት ተጀምሮ ጎል ሲቀየር ከዚያ ወዲህ አይቼ አላውቅም። ግብ ጠባቂው ካዋጉቺ ደጋግሞ አዳነ፣ ጃፓን 4 ለ 3 አለፈች። ከዚያ ፍጻሜውን ቤጂንግ ላይ ቻይናን 3 ለ 1 ረቱ፣ ስታዲየሙ ሙሉ እየተቃወማቸው።

ከብራዚል ጋርም በ2005 የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ላይ ከሩቅ ያገባት አለች፣ 2 ለ 2 የተለያዩበት።

ማንቼ ለዘላለም፦
ዓለም ዋንጫ ላይስ? ትልቅ ተጫዋች የሚለካው እዚያ ነው።

ባለ25፦
እዚያ አልቀናውም፣ እውነት ነው። 2006 ጀርመን ላይ አውስትራሊያ ላይ አገባ። ጃፓን እስከ 84ኛው ደቂቃ እየመራች ነበር፣ ከዚያ ሦስት ጎል ገባባት። 2010 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ቋሚ ይሆናል ተብሎ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ቡድኑ በወዳጅነት ጨዋታዎች ተደጋጋሚ ሽንፈት ገጠመው፣ አሠልጣኙ ኦካዳ አሰላለፉን ለወጡና ሆንዳን ፊት ላይ አደረጉት። ናካሙራ ወንበር ላይ ቀረ። ከኔዘርላንድስ ጋር ብቻ ተቀይሮ ገባ። ከዚያ ከብሔራዊ ቡድን ራሱን አገለለ። ለሆንዳ ያልተመቸ አንድ ቃል ሲናገር ግን አልሰማሁም።

ጋሽ ዘመኑ፦
ልጆቼ፣ እናንተ ስትጽፉ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ግላስጎው 20 ዓመት ኖሬያለሁ፣ በስተርጅና ነው የመጣሁት። ኳስ የማየው ድሮ አዲስ አበባ ስታዲየም ነበር። እዚህ ስመጣ የምሠራበት ቦታ ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ አረንጓዴ ነው፣ ሬንጀርስና ሴልቲክ ማለቴ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰላምታ የሚሰጥህ ማን እንደሆነ በእሑዱ ውጤት ነው የምታውቀው።

ናካሙራ ሬንጀርስ ላይ ያገባውን በሥራ ቦታችን ቴሌቪዥን አየሁት። ሚያዝያ 2008 ነው። ሴልቲክ በነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፣ ከተሸነፈ አለቀለት። ናካሙራ ኳሷን ከሩቅ አገኛት፣ ሰው ይቀባበላል ብሎ ሲጠብቅ እሱ በግራው መታት። አየር ላይ ወደ ግራ እያለች ወደ ቀኝ ታጠፈች። አጠገቤ የነበረው የሬንጀርስ ደጋፊ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቀረ። ያን ቀን 2 ለ 1 አሸነፉ፣ በመጨረሻም ሊጉን ወሰዱ፣ በተከታታይ ሦስተኛው ነው። ከዚያ በፊት በ2007ም ኪልማርኖክ ላይ በባከነ ሰዓት በቅጣት ምት ሊጉን የጨረሰላቸው እሱ ነው፣ በዚያው ዓመት የስኮትላንድ ተጫዋቾች ኮከባችን ብለው መርጠውታል። አሁንም የሱን 25 ቁጥር ማልያ የለበሰ ሰው መንገድ ላይ አያለሁ። እዚህ ሀገር አልጠፋም።

ባለ25፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ እዚህ መኖርዎን አላውቅም ነበር። ወደ ግራ እያለች ወደ ቀኝ ያሏት እውነት ናት፣ እኔም ደጋግሜ አይቻት እስካሁን አልገባችኝም።

ሜዳ ዳር፦
አመታቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ልጆች ናካሙራን ሊመስሉ ሲሞክሩ በኃይል ይመታሉ። እሱ ግን ኃይሉ አይደለም። ቀኝ እግሩን ከኳሷ ጎን ይተክላል፣ ሰውነቱን ያዘነብላል፣ ከዚያ ግራ እግሩ በውስጥ በኩል ኳሷን እንደሚጠቀልል ሆኖ ያልፋል። ከመታ በኋላ ዳሌው ዞሮ ትከሻው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚያየው። ኳሷ ከግድግዳው በላይ ትወጣና ጎሉ ጋ ስትደርስ ትወርዳለች። ይህ የሚመጣው በመደጋገም ብቻ ነው፣ ልምምድ ካለቀ በኋላ ሜዳ ላይ ቀርቶ ሲመታ ያመሽ የነበረው ለዚህ ነው። በጃፓን አንደኛ ሊግ በቀጥታ ቅጣት ምት 24 ጎል አለው።

ማንቼ ለዘላለም፦
እሺ፣ ብዙ ነገር አስተማራችሁኝ። ግን ባለ25፣ አንተ "አልጠፋም" ስትል ሽልማቱን ነው የነገርከኝ። ሽልማት የግል ነው። ጃፓን ተመልሶ ለቡድኑ ምን አመጣ? ሊጉን በላ?

ባለ25፦
አልበላም። እዚህ ላይ ነው ልጽፍ የፈለግኩት ዋናው ነገር ያለው፣ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ናካሙራ በዕድሜው የጃፓን ሊግን አንድም ጊዜ አላነሣም። ሁለት ጊዜ የሊጉ ኮከብ የሆነ ሰው! ማሪኖስ በ2003 እና በ2004 ሻምፒዮን ሲሆን እሱ ጣሊያን ነበር።

2013 ላይ ግን፣ ወደ ማሪኖስ ከተመለሰ በኋላ፣ እጁ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ጨዋታ ቀርቷል፣ አንዱን ካሸነፉ ሻምፒዮን ናቸው። የመጀመሪያው በሜዳቸው ነው፣ ከአልቢሬክስ ኒጋታ ጋር። ዋንጫ ሲነሣ ለማየት ከ62 ሺህ በላይ ሰው ገባ። 2 ለ 0 ተሸነፉ። የመጨረሻው ካዋሳኪ ላይ ነው፣ ከፍሮንታሌ ጋር። 1 ለ 0 ተሸነፉ። በዚያው ሰዓት ሳንፍሬቼ ሂሮሺማ ካሺማን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ፊሽካው ሲነፋ ናካሙራ መሬት ላይ ተደፋ። ሜዳው ላይ፣ ፊቱን ሣሩ ውስጥ ቀብሮ። ጓደኞቹ ሊያነሡት ይሞክራሉ፣ እሱ አይነሣም። 35 ዓመቱ ነው፣ ሌላ ዕድል እንደማይመጣ ያውቃል። ጡረታ ሊያሳልፍ የመጣ ሰው እንዲያ አያለቅስም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጥር 1 ቀን 2014፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዋንጫ (የጃፓን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ማለት ነው) ያንኑ ሂሮሺማን 2 ለ 0 አሸንፈው ወሰዱ። ዋንጫ ነው፣ ግን ያኛው አይደለም።

የካልቾ ልጅ፦
ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያስ?

ባለ25፦
በ2017 መጀመሪያ ማሪኖስን ለቀቀ፣ በ38 ዓመቱ። ወደ ጁቢሎ ኢዋታ ሄደ፣ አሠልጣኙ ሂሮሺ ናናሚ ነበር። ናናሚ ራሱ ግራ እግረኛ ነው፣ 1998 ዓለም ዋንጫ ላይ የጃፓን ዐሥር ቁጥር የነበረው።

ከዚያ በ2019 ወደ ዮኮሃማ ኤፍሲ። ይህ ክለብ ከማሪኖስ የተለየ ነው፣ ታሪኩን ካላወቃችሁ ግን ነገሩ አይገባችሁም። ድሮ ዮኮሃማ ውስጥ ፍሉገልስ የሚባል ሌላ ክለብ ነበር። በ1998 ገንዘብ አጠረና ከማሪኖስ ጋር ይዋሃድ ተባለ። ደጋፊዎቹ አለቀሱ፣ ተሰለፉ፣ አልሆነም። ፍሉገልስ የመጨረሻ ጨዋታውን ጥር 1 ቀን 1999 አድርጎ የንጉሠ ነገሥቱን ዋንጫ አንሥቶ ፈረሰ። ዋንጫ እያነሣ የፈረሰ ክለብ! በማሪኖስ ስም ላይ ያለችው "ኤፍ" የሱ ማስታወሻ ናት። ደጋፊዎቹ ግን ፊደል አይበቃንም ብለው ከዜሮ የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ፣ ያ ነው ዮኮሃማ ኤፍሲ። ናካሙራ በውሕደቱ ጊዜ የማሪኖስ ወጣት ተጫዋች ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ እነዚያ ደጋፊዎች የመሠረቱት ክለብ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ወደ አንደኛ ሊግ አደጉ።

መስከረም 2020 ላይ ከካዋሳኪ ጋር ሲጫወቱ ካዙዮሺ ሚዩራ በ53 ዓመቱ ቋሚ ሆኖ ገባ፣ ናካሙራ በ42 ዓመቱ አብሮት ነበር። ሚዩራ በ1994 ለጄኖዋ ፈርሞ በሴሪ ኣ የተጫወተ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ነው። መንገዱን የከፈተው ሰውና በመንገዱ የሄደው ሰው አንድ ማልያ ለብሰው፣ በዚያ ዕድሜ!

ፍቅር እስከ ግብ፦
እንባዬን አመጣኸው እኮ።

ጋሽ ዘመኑ፦
ልጄ፣ የመጨረሻ ጨዋታውስ መቼ ነበር?

ባለ25፦
ጋሼ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2022፣ ከሮአሶ ኩማሞቶ ጋር፣ በሁለተኛ ሊግ። ቁርጭምጭሚቱን ሲያመው ቆይቶ ነበር። ከዚያ እዚያው ክለብ ውስጥ አሠልጣኝ ሆነ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኅዳር 5 ቀን፣ ማሪኖስ ቪሴል ኮቤን 3 ለ 1 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ አነሣ።

ማንቼ ለዘላለም፦
የ2013ቱን አሁን ከፍቼ አየሁት። ሣሩ ላይ የተደፋበትን። ሁለት ጊዜ አየሁት። ትናንት የጻፍኩትን አጥፍቼዋለሁ።

የዮርዳኖሱን መለያ ምት ሊንክ ያለው ካለ ይላክልኝ፣ ልጄን ከጎኔ አስቀምጬ ላየው ነው።

ሜዳ ዳር፦
በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ዳኛውን ሲያናግረው ድምፁን ከፍ አድርገው፣ የጃፓኑ ተንታኝ ራሱ ምን እየሆነ እንዳለ አልገባውም።